በቃሲም ማዕበል ቀን የተቀባች ሚሌ ቼንቶ

ኡስታዝ ላቢብ የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ነው። ከፊቱ የጫማ ሳጥን ውስጥ የምትገባ ጥቁር ፊያት ሚሌ ቼንቶ ቆማለች። ሌላ ሰው ሲሞት ዘመድ ይከበዋል፤ እሱን የከበቡት በእጁ የሠራቸው፣ መደርደሪያ ላይ የተሰለፉ ትናንሽ መኪኖች ነበሩ። ሁሉም የፊት መብራታቸውን ወደሱ አዙረው አፍጥጠዋል። አንዳቸውም ክላክስ አልነፉም።

መርማሪው ሻምበል ወህዳን ሲጠራ ፉሉን እየበላ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚበላው። ብቻውን የሚበላ ሰው ደግሞ ፈጥኖ ይነሣል፤ «ጨርስ እንጂ!» ብሎ እጁን የሚይዘው የለማ።

የእስክንድርያ ዓሣ አጥማጆች ለክረምት ማዕበሎቻቸው እንደ ልጅ ስም ያወጣሉ። ከትናንት ጀምሮ ከተማዋን የሚደበድባት ቃሲም የተባለው ነው። ቃሲም እንኳን ሰው አልሆነ፤ ቢሆን ኖሮ የሚችለው እስር ቤት አይገኝም ነበር። ከአንፉሺ የአንዱን ባሕረኛ ቁርስ ከነሳህኑ ነጥቆ፣ በከተማዋ ማዶ ሲዲ ጋብር ትራም ሲጠብቅ ለነበረ ሰው አደረሰለት ይባላል። ያም ሰው «ጨው አንሶታል» ብሎ አማረረ ይባላል። ወህዳን ይህን ወሬ አላመነም። በባሕር ላይ ተሻግሮ የመጣ ፉል ጨው እንዴት ያንሰዋል?

የላቢብ ቤት አንፉሺ ውስጥ፣ ከባሕሩ አንድ መንገድ ገባ ብሎ የቆመ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ጠበቀው፤ በዚያ አገር መኮንንን ሁሉ ባሻ ነው የሚሉት።

«የአየር እጦት ነው ባሻ። ክፍሉን ዘግቶ ቀለም ሲረጭ የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ጭስ አፍኖታል። የሽማግሌ ሳንባ ምን አቅም አለው? አደጋ ነው።»

«መስኮቱን የዘጋው ራሱ ነው?»

«እሱ አይደለም። እሷ ናት።»

ወህዳን ዞረ። ኮሪደሩ ላይ፣ ጥቁር ሻርፕ የደረበች፣ ዕድሜዋ ስልሳን የተሻገረ ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ኢንሺራህ ትባላለች፤ ፊት ለፊት ያለው በር የሷ ነው። ከስልክ ቤት ነው ጡረታ የወጣችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ፣ ለራሷ ስልክ የሚደውልላት አልነበረም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት ባሻ» አለች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። «ይሰሩኝ።»

«እስቲ መጀመሪያ ይንገሩኝ እትዬ። ካቴናው የትም አይሄድም።»

«የሥራ ክፍሉ መስኮት የሚከፈተው በእኔ በረንዳ ላይ ነው። መወርወሪያው የተሰበረ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በርግዶት ግድግዳውን ሲደበድብ ሰማሁ። ኡስታዝ ላቢብ! ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። መጋረጃው ተጋርዷል፤ የቀለም ሽታ ይመጣል። እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ሲሆን ቢጠሩት አይሰማም፤ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ብርድ እንዳይመታው ብዬ መስኮቱን ገጠምኩና ዳር ዳሩን በጨርቅ ወተፍኩት። ለሱው ብዬ! ዛሬ ጠዋት ትናንት በሩ ላይ የተውኩለት ምግብ እንዳለ አየሁት...»

ቀሪውን ሻርፗ ዋጠው።

«ወተፍኩት አለች! በገዛ አፏ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ አንድ ጎልማሳ። የሟች እህት ልጅ ሩሽዲ ነው፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ነው የሚገባው። «ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እሄዳለሁ። አጎቴን እንደ በርበሬ ቅል ወትፋ ገደለችው!»

«አጎትህን ትወደው ነበር?»

«እንደ አባቴ!»

«ቤቱንስ?»

ሩሽዲ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ላከ። ቤቱ በድሮ ርካሽ ኪራይ የተያዘ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት በእስክንድርያ ሞቶም አይገኝም፣ ሰው ሲሞት ካልሆነ በቀር።

ወህዳን ሴትዮዋን አያት። ሐኪሙ «አደጋ» ብሎ ከፈረመ፣ የአደጋው ስም ኢንሺራህ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ቢምራት እንኳ እሷ ራሷን አትምርም፤ የቀረ ዕድሜዋን ያንን ጨርቅ ስትወትፍ ነው የምትኖረው።

«ዶክተር፣ ዛሬ እንዳትፈርም» አለ። «ሁላችሁም ውጡልኝ።»

ብቻውን ቀረ።

ላቢብ የቴክኒክ ሥዕል አስተማሪ ነበር፤ ኡስታዝ የሚሉትም ለዚህ ነው። ጡረታ ሲወጣ ይህን ሥራ ያዘ። ሰዎች የሞተ አባታቸውን መኪና ፎቶ ያመጡለታል፤ እሱ ያቺኑ ራሷን ከእውነተኛዋ ሃያ አራት ጊዜ አሳንሶ ይሠራታል። አዲስ አድርጎ አይደለም፤ እንደነበረች ነው። የተጫረ ፓራፋንጎ ካላት ይጭረዋል። ስፖኪዮዋ በገመድ የታሰረ ከሆነ፣ ፀጉር የምታክል ክር ያስርላታል። ወህዳን ጎንበስ ብሎ ወደ አንዷ ታክሲ ውስጥ አየ። የኋላ ወንበሯ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጃንጥላ ተረስታለች። ማን እንደረሳት እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ወደ ሟቹ ተመለሰ። የላቢብ ጺም እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለበትም። አፍንጫው ውስጥ በባትሪ አየ፤ ንጹሕ ነው። ሸሚዙም ንጹሕ ነው። የታች ከንፈሩን ገለጥ ሲያደርግ ከውስጥ በኩል የራሱ ጥርስ የተጫነበት ሰማያዊ ምልክት አገኘ። ሬሳውን የሚያነሡ ሰዎችን ጠርቶ ሲያስነሣው ደግሞ፣ የወንበሩ መቀመጫ ላይ ጥቁር የቀለም ብናኝ ልክ እንደ ጠረጴዛው ሁሉ እኩል ተነስንሶበታል።

ወለሉን በእጁ ነካው። እርጥብ ነው። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ደረቅ ነው። ከጠረጴዛው ኋላ በገመድ ላይ አንድ አንሶላ ተሰቅሏል፤ ሲጨምቀው ውሃ ጠብ አለ።

መኪናዋ ራሷ ጥቁር ተቀብታለች። ቀለሙ የትም አልወረደም፣ የትም አልሳሳም፤ ቅቤ እንደተቀባ ነው። ብቻ ከላይ ከኮፈኖዋ እስከ ጣሪያዋ እንደ ወተት ያለ ጉም ሸፍኗታል። አፍ ተነፍሶባት የቀረች ነው የምትመስለው። ወህዳን በመሐረቡ ሊያብሰው ሞከረ። አልለቀቀም።

ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም። የሚያውቀው የማያውቀውን ማን እንደሚያውቅ ብቻ ነው።

ኢንሺራህ ትናንት ዓሣ ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ ስትመለስ ደረጃው ላይ የሰዎች ጭቃ አይታለች። የሦስት ሰው መሆኑን በረኛው መሰከረ። ሩሽዲ መጥቶ ነበር። ባለሙያ በመሆኑ ኡስጣ ሺንዲ የሚባል መኪና ቀቢ መጥቶ ነበር። መሀንዲስ ረስላን የሚባል የአስዋን እንግዳም መጥቶ ነበር። ማን ፊት ማን ኋላ እንደሆነ ግን በረኛው አያውቅም፤ በቃሲም ቀን በረኛ የሚጠብቀው ምድጃውን ነው።

ወህዳን መጀመሪያ የሄደው ወደ ሺንዲ ባቲላሜራ ቤት ነው። ከውስጥ አራት ሰዎች አንዲት የተላጠች ቼቭሮሌት ኮፈኖ ላይ ዶሚኖ ይጫወታሉ።

«ሥራ ፈታችሁ እንዴ?»

«ቃሲም እስኪያልፍ ፈትተናል ባሻ» አለ ሺንዲ፣ ሆዱ ኮፈኖውን እየገፋ። «በቃሲም ቀን መርጫ የሚያነሣ ሰው ወይ ሰክሯል፣ ወይ መኪናዋ የጠላቱ ናት።»

«ስለ ጠላት ካነሣህ፣ አንተና ላቢብ ጠላት ናችሁ ይባላል።»

«ማን ነው እሱ ውሸታም? ጠላት አይደለንም፤ ተኳርፈን ነው። ልዩነት አለው። ጠላትህን ትረሳዋለህ። ያኮረፍከውን ግን በየቀኑ ታስበዋለህ።»

«ምን አኳረፋችሁ?»

«እኔም ትናንሽ መኪና እሠራለሁ፤ እንደሱ አይሁን እንጂ። አንድ ቼቭሮሌት ሠርቼ አሳየሁት። ‹ሺንዲ፣ አልጋ የዋጠች ላም ትመስላለች› አለኝ። በሰው ፊት!»

«ትመስል ነበር?»

ሺንዲ ዶሚኖዎቹን ቆጠር ቆጠር አደረገ። «...ትንሽ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ትናንት የሄድኩት ልታረቀው ነበር። እየሠራት ለነበረችው ለአባቱ ሚሌ ቼንቶ የፊት መረብ ጥርሷን ከኒኬል ቆርጬ ወሰድኩለት። ተቀበለኝ። ‹ቀለሟን መቼ ነው?› ስለው ‹ሰማዩ ሲታረቀን› አለኝ። ምሳ ሳንበላ ሄድኩ። ብበላ ኖሮ...» አንዱ ዶሚኖ ተጫዋች «ያንተ ተራ ነው» ሲለው፣ ሺንዲ የያዘውን ሁሉ ገልብጦ አስቀመጠ።

መሀንዲስ ረስላን በባሕሩ ዳር ሆቴል ማሞቂያ ታቅፎ ተቀምጧል። መሀንዲስ የሚለውን ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ ጺሙ ግን ተለክቶ የተሠራ ነው። ከአስዋን ውጭም ታውቋል፤ «ትናንሽ መኪኖቻቸውን ቴሌቪዥን ላይ ያቀረቡ ሰው ናቸው» እያለ አስተናጋጁ በኩራት ያወራለታል።

«ምስኪን ላቢብ!» አለ። «ቀለም ልረጭ ነው ብሎ ሸኘኝ። መርጫውን በእጁ እንደያዘ። መስኮቱን ዘግቶ ነበር። ጭሱ ይገድልሃል ብዬው ሳቀብኝ።»

«ብዙ ጊዜ ይጠይቁታል?»

«በየበጋው። የአስዋን ሙቀት ሲያንገበግበኝ እዚህ መጥቼ እነፍሳለሁ። በክረምት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጨረሻዬም ነው! ይህ ምን አገር ነው ባሻ? እኛ ዘንድ ዝናብ ሲጥል ልጄ ሰማዩ ተቀደደ ብላ አልቅሳለች።»

«ክረምት ላይ ምን አመጣዎት ታዲያ?»

«ናፍቆት» አለ ረስላን፣ ቶሎ ብሎ።

«እርስዎም ቀለም ይረጫሉ?»

«እኔ? እኔ የረጨሁት ላይ ጺምዎን ሊላጩበት ይችላሉ፤ መስታወት ነው። ያውም አስዋን! እዚያ ቀለሙ ከመርጫው ወጥቶ መኪናዋ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይደርቃል። እዚያ መርጨት የቻለ ሰው ገሃነም ውስጥም ይረጫል።»

ወህዳን አመሰገነ። ሲወጣ ጺሙን ዳሰሰ፤ መላጨት ነበረበት።

ሲመሽ ኢንሺራህን ሊያያት ተመለሰ። ሕንፃው ሁሉ አፉን ከፍቶባታል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት «ነፍሰ ገዳይ» ብለው በሯ ላይ አጉረምርመው አልፈዋል፤ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ ሊያጽናኑ መጥተው አያይዘው ጠየቋት፦ «ጨርቁን ግን ምን ያህል አጥብቀሽ ነው የወተፍሽው?»

«ከሱ ጋር ቅርብ ነበሩ?» አላት ወህዳን።

«ምግብ በሩ ላይ እተውለታለሁ። ሳህኑን አጥቦ በሬ ላይ ይተውልኛል። ይኸው ነው። ቤቴ የገባው አንድ ቀን ብቻ ነው።»

«ለምን?»

«ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶበት። በመጸው ነው። ‹እትዬ ኢንሺራህ፣ ስለ ትናንሽ መኪና ዝግጅት አለ፣ ላየው?› አለኝ። እኔ ሻይ አፈላሁ፤ ምኔንም ምኔንም አስተካከልኩ። አንድ ጺሙን ተለክቶ የተከረከመ ሰውዬ መኪኖች ደርድሮ ሲያወራ፣ ኡስታዝ ላቢብ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ምን ሆኑ ስለው ‹ልጆቼን ሌላ አባት አግኝተው አየኋቸው› አለኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ ‹አሁንስ የአባቴን መኪና ሠርቼ ራሴ ይዣት እቀርባለሁ። ያያት ሰው ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ለሰውየውም ደውዬ እነግረዋለሁ፤ ባልተዘጋጀበት ማሳፈር ነውር ነው› አለ። ሻዩንም ሳይጠጣ ሄደ።»

ወህዳን ሌላ አልጠየቃትም። ከጣቢያው አስዋን ላለ የሥራ ባልደረባው ደወለ፤ ባልደረባው ወደ አንድ መኪና ቀቢ ቤት ሄዶ አንዲት ጥያቄ ጠይቆ መልሱን አመጣለት።

በማግሥቱ ሁሉንም ላቢብ ሳሎን ውስጥ ሰበሰባቸው። ቃሲም አሁንም መስኮቱን እየቆረቆረ ነው። ሐኪሙ፣ ሩሽዲ፣ ሺንዲ፣ ረስላን ተቀምጠዋል፤ ኢንሺራህ የተሰጣትን ወንበር ትታ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ልትወሰድ እንደተዘጋጀች። ወህዳን ሚሌ ቼንቶዋን መሐል ጠረጴዛው ላይ አቆመ።

«ከአንዲት ተራ ጥያቄ እንጀምር። ይህች መኪና ምን ነክቷት ነው የነጣችው? ሩሽዲ?»

«አቧራ ነዋ! ይጠረግ።»

«እትዬ ኢንሺራህ?»

«የባሕር ጨው ይመስለኛል... እኔ ባልወትፈው ኖሮ...»

«ኡስጣ ሺንዲ?»

ሺንዲ ገና ሲያያት ከወንበሩ ተነሥቷል። «ጉም ይዟታል! ቀለም በእርጥብ አየር ሲረጭ ጤዛ ውስጡ ይገባና እንዲህ እንደ ዓይነ ስውር ዓይን ይነጣል። ሲረጩት ያምራል፤ ሲደርቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። ባሕር ዳር ያደገ ውሻ እንኳ ይህን ያውቃል! ለዚህ አይደል እኛ ዶሚኖ የምንጫወተው?»

«ላቢብስ ያውቅ ነበር?»

«እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው! ሰማዩ ሲታረቀን ብሎኛል እኮ!»

«እንግዲህ አብረን እንሂድ» አለ ወህዳን። «ላቢብ ቀለም ሲረጭ ሞተ ተባልን። በተዘጋ ክፍል ጥቁር ቀለም የሚረጭ ሰው አፍንጫው የባቡር ጭስ ማውጫ ይመስላል። የላቢብ ጺም ግን እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ አፍንጫውም ንጹሕ። ጭራሽ የተቀመጠበት ወንበር መቀመጫ ላይ ብናኝ ነበር። ሰው ተቀምጦበት ቢሆን ብናኙ በሱሪው ሥር በምን ገባ? ወንበሩ ባዶ ሳለ ነው ቀለሙ የተረጨው። ላቢብን ከዚያ በኋላ ነው ተሸክመው ያስቀመጡት። ከንፈሩ ውስጥ ደግሞ ጥርሱ የተጫነበት ምልክት አለ። ዶክተር፣ ይህ ምን ያደርገዋል?»

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። «ትራስ» አለ ቀስ ብሎ። «አፍና አፍንጫው ላይ የተጫነ ትራስ። ትናንት ከንፈሩን መግለጥ ነበረብኝ።»

ኢንሺራህ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች።

«እትዬ፣ መስኮቱን ሲገጥሙ ቀለም ሸተተኝ ብለዋል። ቀለሙ የተረጨው ላቢብ ከሞተ በኋላ ነው። እርስዎ ጨርቅ በወተፉበት ሰዓት ሊታፈን የሚችል ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሰምተውኛል? አልገደሉትም።»

ኢንሺራህ የበሩን እጀታ ብቻ ጨበጠች።

«ታዲያ ማን ረጨ? ቀለሙ ላይ አንድ እንባ አልወረደም፤ እጁ የሰለጠነ ሰው ነው። ሩሽዲ፣ አንተ ይህን ልትሠራ ትችላለህ?»

«እኔ ጥፍሬንም አስተካክዬ አልቆርጥም ባሻ! ይኸው!» ብሎ ሩሽዲ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስንፍናው ተደስቶ እጁን አሳየ።

«ቀሪው ሁለት ሰው ነው። ሺንዲና መሀንዲሱ። ሺንዲ ላቢብን ገድሎ አደጋ ሊያስመስል ከፈለገ በቃሲም ቀን መኪና አይቀባም፤ ውሸቱን አገር ያውቅበታል። ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰው መርጨት በደንብ የሚያውቅ፣ የእስክንድርያን ክረምት ግን የማያውቅ ሰው ነው። በዚያ ላይ ወለሉ ውሃ ተረጭቶበታል፤ ጣሪያው ግን አላፈሰሰም። ከጠረጴዛው ኋላ እርጥብ አንሶላ ተሰቅሏል። ኡስጣ፣ በማዕበል ቀን እርጥብ አንሶላ ትሰቅላለህ?»

«ዓሣ ላረባ ነው እንዴ?»

«አስዋን ያለ ቀቢ ግን ትሰቅላለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ‹ምን ጥያቄ ነው፣ ሳልሰቅል መርጫ አልነካም› አለ። እዚያ አየሩ እሳት ስለሆነ ቀለሙ መንገድ ላይ እንዳይደርቅ ወለል ያጠጣሉ፣ አንሶላ ያረጥባሉ። እጅ ልማዱን አይረሳም። ጌታው ሲደነግጥ እጅ የሚያውቀውን ይሠራል። መሀንዲስ ረስላን፣ በየበጋው ከዚህ የወሰዷቸውን የላቢብን መኪኖች የኔ ናቸው ብለው ቴሌቪዥን ላይ አሳዩ። እሱ ደግሞ ራሴ ልቀርብ ነው ብሎ ደወለልዎ። በክረምት ያመጣዎት ናፍቆት ይኸው ነው።»

ረስላን ተነሥቶ ጃኬቱን አስተካከለ። «ተረት ነው። አንሶላ ማንም ይሰቅላል። ያ ወፍራም ሰውዬ እኔን ሊያስመስል ቢፈልግስ?»

ወህዳን መልስ የጠፋው መስሎ ራሱን አከከ። ከዚያ ወደ ሺንዲ ዞረ። «እውነታቸውን ይሆናል። መሀንዲሱ ታላቅ ባለሙያ ናቸው፤ ይህቺን የረጨው ግን ትናንት መርጫ የያዘ ለማጅ አይደል?»

ሺንዲ ዓይኑን ጠቀሰና ተቀበለው። «ለማጅማ መች ሆነ? ለማጅ እንኳ በዚህ ያፍራል! ይኼ እኮ መርጫ ሳይሆን የወተት ጡጦ ይዞ ነው የሠራው። ሬሳ የሚያጥብ ሰው ሳሙና እንዲህ አይቀባም! ይህን የሠራ እጅ የቂጣ ሊጥ እንኳ አይላቁጥ!»

«አንተ ምን ታውቃለህ?» አለ ረስላን። ጆሮው ቀልቷል።

«የገጠር ቀቢ ሥራ ነው! ተመልከቱት፣ ጎተራ የቀባ ይመስላል!»

«የማን ጎተራ? ስወጣ መስታወት ነበር! ጺሜን አይቼበታለሁ!»

ላቢብ ገና ልረጭ ነው ብሎ ሸኘኝ ያለው ሰው፣ የተረጨውን አይቶ ነበር የወጣው። ረስላን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወህዳን ካቴናውን ሲያወጣ አልታገለም። ዓይኑ ከመኪናዋ ላይ አልተነሣም።

«ከመጀመሪያው ቅብ ጀምሮ ልክ ነበር» አለ ለራሱ። «እንዴት ነጣ?» ከዚያ ቀና ብሎ በእውነት ግራ የገባው ሰው መሰለ። «ባሻ፣ እኔን አስዋን ሙሉ ያውቀኛል። ልጆች በመንገድ ያቆሙኛል። እሱን ማን ያውቀዋል? በሩን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረውም እኮ። ስም ለሱ ምን ይሠራለታል?»

ሺንዲ ሚሌ ቼንቶዋን አንሥቶ በሸማኔ ጥንቃቄ በጃኬቱ ጠቀለላት፣ ብርድ እንዳይመታት ይመስል።

ረስላንን ወስደውት ሄዱ። ሩሽዲ ማንም ሳያየው የቤቱን ክፍሎች በእርምጃው ሊለካ ገባ። ወህዳን ኮሪደሩ ላይ ኢንሺራህን አገኛት፤ በሁለቱ በሮች መካከል ቆማለች፣ ወደ የትኛው እንደምትገባ እንደጠፋት።

«ዐቃቤ ሕግ አይፈልግዎትም እትዬ። ጎረቤቶቹም ይህን ከእኔ አፍ ይሰማሉ፤ በየፎቁ ቆሜ እናገራለሁ። ንጹሕ ነዎት። ዛሬ ይተኙ።»

«እግዚአብሔር ይስጥዎ» አለች። ግን ፊቷ ላይ የጠበቀው እፎይታ የለም። «አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንዳይስቁብኝ። ገደልኩት ብዬ ሳስብ ሕንፃው ሁሉ ስለ እሱ የሚጠይቀው እኔን ነበር። የሚሰድበኝም ስለ እሱ ነው፤ የሚያጽናናኝም ስለ እሱ። አስከፊ ነው፤ ግን የሱ ሞት የእኔ ነበር። አሁን ንጹሕ ነኝ። አሁን ጎረቤት ብቻ ነኝ።»

ወህዳን ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣ ሰው ነበር። አሁን ግን የላቢብን በር ቀስ ብሎ ዘጋ።

«ባሻ» አለች፣ እያየችው፣ «ለጎረቤት ለቅሶ ይቀመጡለታል?»

«ይቀመጣሉ» አለና ቆቡን አውልቆ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ እሷም ከጎኑ እንድትቀመጥ ጠጋ አለላት።